ትምህርት ቤቱ የገናን በዓል «የደስታ ቀን» አለው፤ ወላጆች ምን ትላላችሁ?

የሽምብጧ ወላጅ | ታኅሣሥ 9 ቀን 2018፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ላይ ልጅ የምታስተምሩ ሁሉ ሐሳባችሁን ስጡኝ።

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። የግል ትምህርት ቤት ነው፤ ስሙን አልጽፍም። ዛሬ ኮሙኒኬሽን ቡኳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ መጣ። በየዓመቱ የሚዘጋጀው የገና በዓል ሁሉንም ተማሪ እንዲያካትት ከዘንድሮ ጀምሮ «የደስታ ቀን» ተብሎ ይከበራል ይላል። ቀኑ ታኅሣሥ 23 ነው። መዋጮው ያው ነው። ዝግጅቱም ያው ነው፤ ኬክ፣ ለስላሳ፣ ሳንቡሳ፣ የስጦታ ልውውጥ። ጥዱም አለ፤ ጥጥ ተለጥፎበት መብራት ይዞርበታል። ቀዩ ኮፍያም አልቀረም።

የመምህሮቹን ሐሳብ እየተቃወምኩ አይደለም። ልጄ ክፍል ውስጥ ሙስሊም ልጆች አሉ፤ ፕሮቴስታንት ልጆችም አሉ። አምና የቅርብ ጓደኛዋ የዝግጅቱ ዕለት ቤት ቀረች። መምህሮቹ ይህን አይተው አንድ ነገር እናድርግ ማለታቸው ያስመሰግናቸዋል። ግን ሁሉም ነገር እንዳለ ሆኖ ስሙ ብቻ ሲቀየር ያቺ ልጅ ዘንድሮ ትመጣለች? ጥያቄዬ ይሄ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ስብሰባ አለ። እጄን ማውጣቴ አይቀርም። እጅ እግር ያለው ነገር ይዤ መግባት እፈልጋለሁ።

የዓባይ ማዶው | ታኅሣሥ 9፣ ማታ 2፡40

ገና ገና ነው። ታኅሣሥ 29 ሥራ የሚዘጋበት ብሔራዊ በዓል ነው፤ የሚደበቅ ነገር የለውም። እዚህ ከተማ ውስጥ ተወልጄ ነው ያደግሁት። አንድም ሙስሊም ጎረቤቴ «የበዓላችሁን ስም ቀይሩልኝ» ብሎኝ አያውቅም። እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ነው በሬን የሚያንኳኳው። እኔም ለአረፋ እንደዚያው ነኝ። ማንም ያልጠየቀውን ነገር ለምን ይመልሳሉ?

የፋሲሎ እናት | ታኅሣሥ 9፣ ማታ 3፡20

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ልጆቼ የሚማሩት የግል ትምህርት ቤት ነው። የዓባይ ማዶው አባት እውነታቸውን ነው። ስሙን ቀይሩ ያልኩበት ቀን የለም። የጠየቅኩት ሌላ ነው፤ እሱ ደግሞ እስካሁን አልተመለሰልኝም።

መጀመሪያ ምግቡ። እኛ የክርስቲያን ሥጋ አንበላም፤ ክርስቲያኑም የኛን አይበላም። ይህን የማያውቅ ባሕር ዳር ውስጥ የለም። ሠርግ ላይ እንኳ ለሙስሊም እንግዳ ለብቻው ይታረዳል፤ ለብቻው ይሠራል፤ ማንም ቅር አይለውም። ትምህርት ቤት ሲሆን ግን የሚያስታውሰው ሰው የለም። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ሳንቡሳ ሲሰጧት ውስጡ ምስር ይሁን ሥጋ አታውቅም። «አልበላም» ስትል ደግሞ ልጆቹ ለምን ብለው ይከቧታል። ስለዚህ አስቀራታለሁ። ጸሎት ይደረጋል ብዬ ፈርቼ አይደለም። ሳንቡሳው ነው።

ልብሱም አለ። «ሁሉም የሀገር ልብስ ለብሶ ይምጣ» ይባላል፤ ደስ ይለኛል። ገበያ ስወጣ ግን አብዛኛው የሕፃናት ቀሚስ ደረቱ ላይ መስቀል የተጠለፈበት ነው። ጥለት ብቻ ያለው ለማግኘት ሱቅ ለሱቅ እዞራለሁ። ካጣሁ አሰፋለሁ፤ እሱም ወጪ ነው። ወረቀቱ ላይ «ያላችሁን የበዓል ልብስ» ቢሉ ኖሮ ልጄ የኢድ ቀሚሷን ለብሳ በሄደች ነበር።

የኢድ ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። ኢድ አል ፈጥር ጨረቃ ታይታ ነው የሚታወቀው። ማታ ላይ «ነገ ነው» ወይም «ከነገ ወዲያ ነው» ይባላል። አንድ ዓመት በማግሥቱ የሒሳብ ፈተና ነበር። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ አምሽቶ ልጄ እንቅልፍ ሳትጠግብ ሄዳ ተፈተነች። በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ነው ያሉኝ።

ገናን ምንም ብላችሁ ብትጠሩት እኔ የማገኘው ነገር የለም። ከኢድ ማግሥት ልጄ ክፍል ስትገባ መምህሯ ጓደኞቿ ፊት «ኢድ ሙባረክ» ብትላት ግን ቤት መጥታ ሳምንት ሙሉ ታወራዋለች።

የሽምብጧ ወላጅ | ታኅሣሥ 9፣ ማታ 3፡35

እህቴ፣ ይህን ስብሰባው ላይ በስምሽ ሳይሆን እንደ ወላጅ ሐሳብ ባነበው ትፈቅጂልኛለሽ? በተለይ የሳንቡሳውንና የፈተናውን።

የፋሲሎ እናት | ታኅሣሥ 9፣ ማታ 3፡38

አንብቢው። ደስ ይለኛል።

የቀበሌ 14 አባት | ታኅሣሥ 10፣ ጠዋት 1፡50

እኔም ሙስሊም ነኝ። እህቴ ያለችው ሁሉ ልክ ነው፤ አንድም ቃል አልቀንስም። እኔ ግን ስሙም ይቀየር ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ለገና መድረክ ይሠራል። ሳውንድ ሲስተም ይከራያሉ። ልጆቹ ለሳምንታት መዝሙር ያጠናሉ፤ ወላጅ ተጠርቶ ይመጣል፤ ፎቶ ይነሳል። ለኢድ የትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ቻናል ላይ አንድ ፖስተር ይለጠፋል። ልጅ ደግሞ ያያል። የትኛው በዓል መድረክ እንዳለው፣ የትኛው ፖስተር እንዳለው ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። እኔ በገና ቅር የሚለኝ ሰው አይደለሁም። ልጄ የራሱ በዓል ትንሽ ነው ብሎ እንዳያድግ ነው።

ለሁሉም መድረክ መሥራት ካቃታቸው አንድ መድረክ ሠርተው የሁሉም ይበሉት። ስሙ የዚያ መጀመሪያ ነው። አንዴ «የደስታ ቀን» ከተባለ በሚቀጥለው ዓመት «ታዲያ ጥዱ ምን ይሠራል?» ብዬ የምጠይቅበት መሬት አገኛለሁ። «የገና በዓል» እስከተባለ ድረስ ግን ምን ብዬ እጠይቃለሁ? «በገናችን ምን አገባህ» ይሉኛል፤ እውነትም አያገባኝም።

ሚስ | ታኅሣሥ 10፣ ቀን 7፡10

መምህርት ነኝ፤ ኬጂ ነው የማስተምረው። እዚሁ ከተማ፣ ሌላ ትምህርት ቤት። የእኛን ጎን ልንገራችሁ።

እንዲህ ያለውን ዝግጅት የምናዘጋጀው ሰው ለመለየት ብለን አይደለም። ልጆቹ ይወዱታል። ወላጅም ይጠብቃል፤ የክፍያ ወቅት ላይ «እዚያኛው ትምህርት ቤት እንዲህ አድርጓል» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። በነዚህ ያለፉት ዓመታት ደግሞ ትምህርት ስንት ጊዜ ተቋርጧል። ልጆቹ አንድ ቀን ተሰብስበው ሲስቁ ማየት ለእኛም እስትንፋስ ነው።

ዕለቱ ግን ከባድ ነው። ስም ስጠራ የሚቀሩትን አስቀድሜ አውቃቸዋለሁ። ስጦታው በዕጣ ነው፤ የልጆቹ ስም በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ይጠቀለላል፤ እያንዳንዱ አንድ ያወጣል። ስጦታ የሚያመጣው ልጅ ከቀረ ያኛው ልጅ ባዶ እጁን ይቆማል። ስለዚህ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ትርፍ እርሳስና ከለር እይዛለሁ። ለቀረውም ልጅ ስጦታው ዴስኩ ውስጥ ይቀመጥና በማግሥቱ ይሰጠዋል። ያኔ የልጁን ፊት ብታዩት! «እኔ ሳልኖር ምን ነበር?» ይላል።

አንድ ነገር ላንሳ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ሴቶቹ ልጆች ማንም ሳያዝዛቸው በእረፍት ሰዓት አበባየሆሽ ይላሉ። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም እጅ ለእጅ ተያይዘው። ለዚያ ስም ያወጣለት የለም። መዋጮም የለውም። ለምን እንደሚሠራ ሳስበው ልጆቹ ራሳቸው ስለያዙት ይመስለኛል።

ሰንበት ተማሪ | ታኅሣሥ 10፣ ማታ 1፡30

ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት። እኔ ስሙ ይቀየር እላለሁ። የዓባይ ማዶው ጋሼ እንዳይቆጡኝ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። የሚፈታው በገና ነው። ትምህርት ቤቱ ያሰበው ታኅሣሥ 23 ጾም ላይ ነን ማለት ነው። ኬኩ እንቁላልና ቅቤ አለበት። ሳንቡሳው ሥጋ ከሆነ ጭራሽ! የሚጾም ልጅ ደግሞ ሞልቷል፤ በተለይ ሰባት ዓመት ያለፋቸው። ስለዚህ «የገና በዓል» በተባለው ዝግጅት ላይ ገናን በሥርዓቱ የሚጠብቀው ልጅ አይበላም። ሙስሊሙም አይበላም። ታዲያ ለማን ነው የተደገሰው?

ጥዱና ቀይ ኮፍያው ከኛ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። የኛ ገና ሌሊት ማሕሌት የሚቆምበት፣ ጠዋት ጾም የሚፈታበት፣ ከሰዓት ሜዳ ላይ ገና የሚመታበት ነው። ያ ሁሉ በሌለበት ዝግጅት ላይ የገና ስም መለጠፉ ይከፋኛል። ድግስ ነው። ድግስ መሆኑ ደግሞ ነውር የለውም። ድግስ በሉት፤ የደስታ ቀን በሉት፤ የፈለጋችሁትን በሉት። ገናን ግን ለቀኑና ለቦታው ተዉት።

የዓባይ ማዶው | ታኅሣሥ 10፣ ማታ 2፡05

አልተቆጣሁም ልጄ። ጾሙን በተመለከተ ያልከው ልክ ነው፤ የልጅ ልጆቼም የሚያስቸግሩን በዚህ ነው። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ዛሬ ድግሱን «የደስታ ቀን» ይላሉ። ነገ መማሪያ ክፍል ውስጥ ገና የሚለውን ቃል የሚያነሳ መምህር ሊሸማቀቅ ነው። ስም አንዴ ከአፍ ከጠፋ ልጅ ከየት ያገኘዋል?

ወንጌላዊት | ታኅሣሥ 10፣ ማታ 2፡30

አጭር ነገር። ክርስቲያን ስትሉ ሁላችንንም በአንድ አትደምሩን። እኛ ፕሮቴስታንቶች ገናንና ፋሲካን እናከብራለን፤ ታቦት የሚወጣበትን ጥምቀትንና ደመራን ግን እንደ ኦርቶዶክስ ወገኖቻችን አናከብርም። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ደመራ ሲለኮስ የእኔ ልጅ የት እንደምትቆም ግራ ይገባታል። ዳር ቆማ ማየት ብትፈልግ ትይ፤ መዘመር ካልፈለገች ማንም አያስገድዳት። የምለምነው ይህን ብቻ ነው።

ሕግ አንባቢ | ታኅሣሥ 11፣ ቀን 6፡40

እስካሁን ስለ ሕጉ ያነሳ ስለሌለ ልጨምር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን አንቀጽ 90 ነው። ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ አለበት ይላል። ይህ ማለት ልጆች ስለ በዓላት አይወቁ ማለት አይደለም። መምህር «ገና ይህ ነው፣ መውሊድ ይህ ነው» ብሎ ማስረዳት ይችላል። ተማሪ የሌላውን እምነት መዝሙር እንዲዘምር ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ መስመሩን የማየው እዚያ ላይ ነው፤ ስሙ ላይ አይደለም።

የማካተት ነገር ከተነሳ ደግሞ የራሳችን ታሪክ አለን። በንጉሡ ዘመን የሙስሊም በዓላት ሥራ የሚዘጋባቸው ብሔራዊ በዓላት አልነበሩም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ትልቅ ሰልፍ ወጡ። ብዙ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። ከጥያቄዎቹ አንዱ የበዓላት ጉዳይ ነበር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። ልብ በሉ፤ ያኔ የገና ስም አልተነካም። «የታኅሣሥ እረፍት» አልተባለም። የተደረገው መጨመር ነው። ኢድ በኢድነቱ ገባ፣ ገና በገናነቱ ቀረ። ይህን መንገድ የጠየቁትም የተገፉት ራሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤቶቻችን ለምን ይህን ትተው ሁሉንም ስም አልባ ወደማድረግ እንደሚሄዱ አይገባኝም።

የቀበሌ 14 አባት | ታኅሣሥ 11፣ ማታ 1፡15

ወንድሜ፣ ታሪኩን ስላነሳህ አመሰግናለሁ። አባቴ ስለዚያ ሰልፍ ይነግረን ነበር። «መጨመር» ያልከው ግን በወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። ማነው የሚፈጽመው? ስብሰባ ላይ ይጨመራል፤ ኢድ ሲደርስ ይረሳል። ወይ ደግሞ «በጀት የለም» ይባላል። ገና ሲሆን የሚጠፋ በጀት አይቼ አላውቅም። ስለዚህ የምትጨምሩ ከሆነ ቀን ተቆርጦ፣ ኃላፊ ተመድቦ፣ ዓመታዊ ዕቅዱ ላይ ይጻፍ። ካልተጻፈ እኔ የስሙ ለውጥ ይሻለኛል፤ ቢያንስ እሱ ተጽፎ መጥቷል።

ሕግ አንባቢ | ታኅሣሥ 11፣ ማታ 1፡40

በዚህ አልከራከርህም። መጻፍ አለበት።

የጣና ልጅ ከእንግሊዝ | ታኅሣሥ 11፣ ማታ 4፡05

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ አሁን ያለሁት በርሚንግሃም ነው። ይህ ክርክር እዚህ አገር የቆየ ስለሆነ የሆነውን ልንገራችሁ።

በፈረንጆቹ 1997 እና 1998 የከተማው ምክር ቤት በዓመቱ ማብቂያ አካባቢ ያሉትን ዝግጅቶች ሁሉ በአንድ ስም ጠቅልሎ «ዊንተርቫል» ብሎ አስተዋወቀ። ውስጡ የሂንዱዎቹ ዲዋሊ ነበረበት፤ ገናም ነበረበት። የገና ዛፍ ቆሟል፤ መዝሙር ተዘምሯል፤ ምንም የተከለከለ ነገር አልነበረም። ጋዜጦች ግን «ከተማው ገናን ሰረዘ» ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው የሚያስታውሰው ይህን ብቻ ነው። ስሙ የወጣው ገበያውን ለማድመቅ ነበር። የከፈሉበት ግን ለማካተት ምንም ያላደረጉትም፣ ያደረጉትም አብረው ነው፤ ከዚያ ወዲህ «ማካተት» የሚል ሰው ሁሉ ገና ሊሰርዝ የመጣ መሰለ።

ለእናንተ የምለው ይህ ነው። ስም የምትቀይሩ ከሆነ መጀመሪያ ሥራውን ሥሩ። ስሙ ከቀደመ ጭቅጭቁ ስሙ ላይ ይቀራል፤ የፋሲሎዋ እህት ያነሳችው ፈተናና ሳንቡሳ ይረሳል።

የሐይቁ ዳር መምህር | ታኅሣሥ 12፣ ማታ 1፡55

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። እኔ የማስተምረው ጣና ዳር ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። እኛ ጋ ኬክም ጥድም የለም። ግን ስለ ማካተት የምናገረው አለኝ፤ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ከተማሪዎቼ መካከል የነገደ ወይጦ ልጆች አሉ። ሙስሊሞች ናቸው። ከዚህ ሐይቅ ዳር ከቆዩት ሰዎች ውስጥ ናቸው፤ የደንገል ታንኳ ሲባል የነሱ እጅ ነው። ድሮ ጉማሬ ይበሉ ነበር እየተባለ ሌላው ሰው አብሯቸው ማዕድ አይቆርስም ነበር። ክርስቲያኑ ብቻ ሳይሆን ሙስሊሙም ይርቃቸው ነበር። አሁን ብዙ ተሻሽሏል። ክፍል ውስጥ ግን ወንበር ሲጋሩ እስካሁን የማየው ነገር አለ።

ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ነው። ከ1999 ጀምሮ በየዓመቱ ይከበራል። ስሙን ካያችሁት ከዚህ በላይ አካታች ስም የለም፤ ሁሉንም ሰው ይጠራል። ልጆቹ የአፋር፣ የሐረሪ፣ የዶርዜ ልብስ ይለብሳሉ፤ ከተማ ወርደን እንከራያለን። አንድ ዓመት ልብስ ስናከፋፍል አንድ የነገደ ወይጦ ልጅ የደረሰው የሌላ ብሔረሰብ ልብስ ነበር። «የኛስ?» አለኝ። የነሱ በዝርዝሩ ላይ የለም። ትምህርት ቤቱ ከሐይቁ የድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ ነው፤ የሐይቁ ሰዎች ግን በዓሉ ውስጥ አልነበሩም።

በቀጣዩ ዓመት ለልጁ ልብስ አልሰጠሁትም። ደንገል ይዘህ ና አልኩት። አባቱ አጭደው አድርቀው ሰጡት። ሰልፍ ላይ ሁሉም እያየው ቁጭ ብሎ ትንሽ ታንኳ አሰረ። መጀመሪያ ደንገሉን በውፍረት ለየው። ረጃጅሙን ከሥር አነጠፈ። ከዚያ በልጥ እየጠመጠመ፣ በጉልበቱ እየተጫነ አጠበቀው። አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና ሲያደርገው ልጆቹ ጮኹ። እንኳን ልጆቹ እኔም ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣ ታንኳ እያየሁ አድጌ እንዴት እንደሚታሰር አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በእረፍት ሰዓት ልጁን «አሳየኝ» የሚሉ ልጆች ከበቡት። ያ ወንበር የማይጋራው ልጅ ሳይቀር።

ወላጆች፣ ስሙን በተመለከተ ስትወስኑ አንድ ነገር ጠይቁልኝ። ክፍላችን ውስጥ ማን አለ? በመጽሐፍ ካለው ዝርዝር ሳይሆን ከስም መጥሪያው ተነሱ።

ሚስ | ታኅሣሥ 12፣ ማታ 2፡20

መምህር፣ ይህን ለባልደረቦቼ ሁሉ ልኬዋለሁ። ከስም መጥሪያው ተነሱ ያሉትን ነገ ጠዋት አደርገዋለሁ።

የዓባይ ማዶው | ታኅሣሥ 12፣ ማታ 2፡50

እግዚአብሔር ይስጥልን መምህር። መስቀል በ2006፣ ፍቼ ጨምበላላ በ2008፣ ጥምቀት በ2012 ዩኔስኮ የመዘገባቸው በየስማቸው ነው። የዚህ ልጅ ታንኳም በስሙ መጠራት አለበት።

የሽምብጧ ወላጅ | ታኅሣሥ 18፣ ከሰዓት 10፡30

ስብሰባው ዛሬ ነበር። እንዳለ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሳንቡሳውን ጉዳይ አነበብኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዲት እናት ተነሥታ «እኔም በዚሁ ምክንያት ነው የማስቀራት» አለች። የልጄ ጓደኛ እናት ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ በር ላይ ሰላም እየተባባልን ይህን ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

የጾሙ ነገር ሲነሳ ደግሞ ያልጠበቅኩት ሆነ። ለገና ስም ሊከራከሩ የመጡት ወላጆች ራሳቸው «ታኅሣሥ 23ማ ጾም ነው» አሉ። ዳይሬክተሯ ለማስጌጫው ቀብድ ተከፍሏል ብላ ትንሽ ተከራከረች፤ በኋላ ተስማማች። የተወሰነው ይህ ነው።

የታኅሣሥ 23ቱ ድግስ ቀርቷል። «የደስታ ቀን» የሚለውም ቀርቷል። በምትኩ ከመንፈቅ ዓመቱ ፈተና በኋላ «የቤተሰብ ቀን» ይኖራል። የማንም በዓል አይደለም፤ የትምህርት ቤቱ ነው። ሥጋ አይገባም። ልብስ ማንም ያለውን።

ገና በስሙ ይጠራል። ታኅሣሥ 28 ጠዋት ሰልፍ ላይ የሚያከብሩ ልጆች ቤታቸው ምን እንደሚደረግ ለሌሎቹ ይናገራሉ። ከዚያ የስፖርት መምህሩ ሜዳ ላይ የገና ጨዋታ ያጫውታል፤ ሴቱም ወንዱም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የምንለውን ልጆቹ በዱላና በሩር ያያሉ። ለኢድ፣ ለፋሲካ፣ ለአረፋም እንዲሁ ይደረጋል። በጨረቃ የሚታወቀው ቀን ሲሆን ከበዓሉ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ፈተና አይሰጥም። የሌላውን እምነት መዝሙር ማንም አይዘምርም።

የቀበሌ 14 አባት | ታኅሣሥ 18፣ ማታ 12፡50

ተጽፏል?

የሽምብጧ ወላጅ | ታኅሣሥ 18፣ ማታ 1፡00

ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። ዓመታዊ ዕቅዱ ላይ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ነው የሚገባው ብለዋል። የኢድ ሰልፍን የሚያዘጋጅ መምህርም አልተመደበም። አንተ ያልከውን አንስቼ ነበር፤ «እናያለን» ነው ያሉኝ።

የቀበሌ 14 አባት | ታኅሣሥ 18፣ ማታ 1፡10

«እናያለን» አልወድም። ዘንድሮ ኢድ መጋቢት 11 አካባቢ ነው፤ ቅርብ ነው። የልጄ ትምህርት ቤት ባይሆንም እንደ ወላጅ የምረዳው ካለ እኔ አለሁ። ልጆቹን የሚያስረዳ ሰው፣ ቴምር፣ የሚያስፈልገውን ንገሪኝ። ያኔ ሰው አልተገኘም እንዳይሉ።

የፋሲሎ እናት | ታኅሣሥ 18፣ ማታ 1፡25

እኔም አለሁ። ቃለ ጉባኤውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ እህቴ። ለኛ ትምህርት ቤት ላሳያቸው ነው። የፈተናው ነገር ብቻ እንኳ ቢሳካልኝ ትልቅ ነገር ነው።

የሽምብጧ ወላጅ | ታኅሣሥ 18፣ ማታ 1፡40

እልክልሻለሁ። አሁን ቀን ምረጡልኝ። ለቤተሰብ ቀን ጥር 26 ታስቧል። የሚነካው ሰው አለ?

ሰንበት ተማሪ | ታኅሣሥ 18፣ ማታ 1፡55

አለ። ዘንድሮ ጾመ ነነዌ ከሰኞ ጥር 25 እስከ ረቡዕ ጥር 27 ነው። ማክሰኞ ጥር 26 መሀሉ ላይ ነው። የካቲት ውስጥም አትግቡ። ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል።

የፋሲሎ እናት | ታኅሣሥ 18፣ ማታ 2፡00

ረመዳንም የካቲት 11 አካባቢ ነው። በ2016 መጋቢት 2 ሁለቱም በአንድ ቀን ገብተው ነበር፤ ዘንድሮም በአንድ ሳምንት ናቸው። ዓርብም አይሁን፤ ጁምዓ አለ።

ሰንበት ተማሪ | ታኅሣሥ 18፣ ማታ 2፡04

ዓርብ ለኛም ጾም ነው። ሐሙስ ጥር 28 ለሁሉም ይሆናል።

የሽምብጧ ወላጅ | ታኅሣሥ 18፣ ማታ 2፡30

ሐሙስ ጥር 28 ብዬ ለዳይሬክተሯ ላክሁላት፤ ተቀብላለች። ፈንዲሻና ቡና በወላጆች ነው። ድፎ ዳቦ ሁለት እናቶች ወስደዋል። መምህር፣ ያ ልጅና አባቱ ቢመጡልን ደስታውን አልችለውም። ታንኳውን ልጆቹ ፊት ቢሠሩት።

የሐይቁ ዳር መምህር | ታኅሣሥ 18፣ ማታ 3፡05

አባቱን ነገ አነጋግራለሁ። የሥራ ቀን ስለሆነ የቀን ገቢያቸው ይቀርባቸዋልና ለድካማቸው ክፈሉ፤ በነፃ አይምጡ። ደንገሉ እስኪደርቅ ቀናት ስለሚወስድ ከጥር አጋማሽ በፊት አረጋግጪልኝ። ለሚጎዘጎዘው ቄጠማ እኔ አለሁ። አድራሻውን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ጥበቃው በር ላይ እንዳይመልሰንም ስማችንን አስይዢልን።